ቢልቂስ እና የተገለበጠው ክፍል

ጋሽ ደምለው ቢልቂስን ማናገር ያቆሙት አንድ ስብሰባ ላይ በተናገረችው ነገር ነው። የትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ነበር። እኔ በዚያው ኮምቦልቻ ባለው ትምህርት ቤት ሒሳብ ስለማስተምር፣ ከእሷ ራቅ ብዬ ተቀምጬ ሰምቻታለሁ። ርዕሰ መምህሩ ቀለሙ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና የሚያልፈው ተማሪ እፍኝ የማይሞላው ለምን እንደሆነ ሐሳብ እንድንሰጥ ጠየቀን። አንዱ መጽሐፍ የለም አለ፣ ሌላው ልጆቹ ሰነፉ አለ፣ ሌላው ጦርነቱንና የተዘረፈውን ላቦራቶሪ አነሳ። ቢልቂስ ተነሥታ፣ «እኛ ማስተማር የምንለው ከሰሌዳ ወደ ደብተር ማስገልበጥን ነው። ለማስገልበጥ ደግሞ አስተማሪ አያስፈልግም፣ የፎቶ ኮፒ ማሽን ይበቃል» አለች።

ስም አልጠራችም፤ የሁላችንም ዓይን ግን ጋሽ ደምለው ላይ ነው ያረፈው።

ጋሽ ደምለው የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጠመኔ ይዘው የኖሩ ሰው። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ረድፍ ተማሪ በሚታደልበት ዘመን፣ እሳቸው አሳጥረውና አስተካክለው፣ በሚያምር የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ሰሌዳው ላይ የሚያሰፍሩት ማስታወሻ ለልጆቹ ብቸኛ መጽሐፋቸው ነበር። «የደምለው ኖት» ከሐይቅ እስከ ሐርቡ ይታወቃል፤ ታላቅ ለታናሹ ያወርሰዋል። ቢልቂስም ከገራዶ መጥታ ደሴ ቤት ተከራይታ በምትማርበት ጊዜ፣ ያኔ ደሴ ያስተምሩ ነበርና፣ ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። ኖቱን ከነነጠላ ሰረዙ በቃሏ ይዛ፣ በእሱ ተፈትና፣ በእሱ አልፋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እዚያ ግን «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አስተማሪ ገጠማት። የሸመደደችውን ሁሉ አንድም ቀን ተረድታው እንደማታውቅ የገባት ያን ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት በልቅሶ ጨረሰችው። በስብሰባው ላይ የተናገረችው እንግዲህ ስለ ራሷም ነበር። ይህን ግን አላስረዳችም። ቢልቂስ እውነቱን ስትናገር ማር የምትቀባ ሴት አይደለችም።

«ያ ፎቶ ኮፒ ነው አንቺን ሰው ያደረገሽ» አሉ ጋሽ ደምለው፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዋን መመለስ ተዉ። ሁለቱም የሚኖሩት ደሴ ነው፤ እሷ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከእናቷ ጋር፣ እሳቸው ወደ ፒያሳ። ጠዋት የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል በሚወርደው ሚኒባስ ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ። ወንበር ጠቧቸው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ኮምቦልቻ ድረስ ሲሄዱ አንድም ቃል አይለዋወጡም።

የጠቡ ሥር ግን ንግግሯ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ነው። ቢልቂስ በየክረምቱ እየተማረች ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትሠራ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ሰምታ ነበር። «የተገለበጠ ክፍል» ይሉታል። አስተማሪ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያወራውን ገለጻ ተማሪው አስቀድሞ ቤቱ ሆኖ ከስልክ ይሰማዋል። የቤት ሥራ ይባል የነበረውን ደግሞ ክፍል ውስጥ፣ አስተማሪው አጠገቡ ቆሞ ሳለ ይሠራዋል። በከበደው ቦታ ላይ ብቻውን አይቀርም ማለት ነው። ቢልቂስ ይህን በአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ልትሞክረው ቆረጠች። ገለጻውን አጠር እያደረገች በአማርኛ በስልኳ ቀዳችው። ኢንተርኔት የሌለው በሚሞሪ እየተቀባበለ፣ ስልክ የሌለው ስልክ ካለው የሰፈሩ ልጅ ጋር እየተቧደነ እንዲያዳምጥ አደረገች።

ስሙ ራሱ ጠላት ገዛላት። መገልበጥ በእኛ አፍ ለደብተርም ለመኪናም ይውላል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል «ዛሬስ ክፍሏ የት ላይ ተገለበጠ? የሞተ የቆሰለ አለ?» እያሉ ይሳሳቁባት ጀመር። እሷም ዝም አትልም። «የእናንተ ቆሞ ነው የሞተው» ትላለች። በዚህ ላይ ቀለሙ ጠርቶ፣ ፊዚክስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና አማርኛው ደንብ መተላለፍ እንደሆነ ነገራት። የእንግሊዝኛው ክፍል ውስጥ አለ፣ መጀመሪያ በሚገባቸው ቋንቋ ይስሙት ብላ መለሰችለት። ቀለሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክስ የሚፈራ ሰው ነው። ለጊዜው ዝም አለ።

ሌላው መዘዝ ከሐረጎ መጣ። ስለ ሰበቃና ስለ ሙቀት የሚያስተምረውን ክፍል በአራት ግድግዳ መሃል መቅዳት አልፈለገችም። አንድ ቅዳሜ ሐረጎ ላይ ከመኪና ወረደችና ስልኳን ድንጋይ ላይ አስደግፋ መንገድ ዳር ቆማ ቀዳች። ከኋላዋ ጭነት የያዙ ተሳቢዎች በከባድ ማርሽ እያቃሰቱ ይወርዳሉ። «ይህ መኪና ደሴ ላይ ከፍታ ነበረው» ትላለች። «ኮምቦልቻ ሲደርስ ከፍታው የለም። ወደ ፍጥነት ተለወጠ እንዳንል ሾፌሩ በፍሬን ይዞታል። ታዲያ የት ገባ? እኔ እዚህ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸተኛል። ነገ ክፍል ስትመጡ መልሱን ይዛችሁ ኑ።» እውነት ለመናገር፣ እኔ ያን መንገድ ስመላለስበት ኖሬ እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር።

አንድ ተማሪ ግን ከመሃል ቆረጠና ዘፈን ጨምሮበት ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሻሿን ነፋስ እያንገላታው ወደ ተሳቢ የምትጠቁመው ሴት በሁለቱ ከተሞች ከስልክ ስልክ ዞረች። ከባሏ መፋታቷን የሚያውቁ «ባል ቢጠፋ ሾፌር ትጠራለች» አሉ። እናቷ ከጎረቤት ሰምተው እንግዳ በሚቀመጥበት መጅሊስ ላይ ከሰው መሃል መቀመጥ አፈሩ። ጋሽ ደምለው በሚኒባሱ ውስጥ፣ ለእሷ ሳይሆን አጠገባቸው ለተቀመጠው መንገደኛ፣ እሷ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ድሮ አስተማሪ የሚታወቀው እጁ ላይ ባለው የጠመኔ አቧራ ነበር አሉት። መንገደኛው ምን እንዳስቀየማቸው ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ።

ተማሪዎቹም አልወደዱላትም። ሰው አይፍረድባቸው፤ መገልበጥ ዕረፍት ነው። እጅ ይጽፋል፣ ልብ ሌላ አገር ይውላል። አሁን ግን ክፍል ሲገቡ ጥያቄ ተሰጥቷቸው በየጠረጴዛው ይከራከራሉ፣ ቢልቂስ ደግሞ በመሃላቸው እየዞረች «ለምን?» ትላለች። መልስ ሲሰጧት ደግማ «እሱስ ለምን?» ትላለች። ቤቱ ሳያዳምጥ የመጣውን ከሰው ለይታ ጥግ ላይ ታስቀምጠውና ከራሷ ስልክ ታሰማዋለች፤ ይህ እንደ ቅጣት ተቆጠረባት፤ እሷም ቅጣት አይደለም ለማለት አልደከመችም። የክፍሉ ሞኒተር ፈሪድ የሚባል፣ ደብተሩ ከሁሉ ያማረ፣ በጽሕፈቱ የሚኮራ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ተነሥቶ «ቲቸር፣ መቼ ነው የሚያስተምሩን?» አላት።

«አንተ መማር ስትጀምር» አለችው።

ክፍሉ ሳቀበት። ፈሪድ ተቀመጠ፤ ይቅር ግን አላላትም።

ዘዴው የሠራላት አንዲት ልጅ ዊዳድ ነበረች። ቤተሰቦቿ ገጠር ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ሂሻም ኮምቦልቻ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ስለሚሠራ፣ እናታቸው መርየም ልጅቷን ለትምህርት አደራ ብላ ለእሱ ሰጥታዋለች። የሚኖሩት በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ዊዳድ ሰው ፊት አፏን የማትከፍት ልጅ ነበረች። ከስልክ ሲሆን ግን ያልገባትን ወደ ኋላ እየመለሰች ደጋግማ ትሰማዋለች፤ ሰሌዳ ፊት ያለ አስተማሪን ግን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ በጠረጴዛዋ ያሉት ልጆች መልስ ሲጠፋቸው ወደ እሷ የሚዞሩ ሆኑ። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ ድምፅ አውጥታ ታስረዳቸዋለች። እሷ የተቧደነችበትን ቡድን የሚመራው ደግሞ ፈሪድ ነበር፤ ቤታቸው አንድ ሰፈር ነው።

አንድ ከሰዓት ፈሪድ የሳምንቱን ትምህርት የያዘውን ሚሞሪ ሊሰጣት በራቸው ድረስ መጣ። ሂሻም ከፈረቃ ወጥቶ ተኝቶ ነበር። ዓይኑን ሲከፍት ያየው፣ አንድ ወጣት በር ላይ ቆሞ እህቱ መዳፍ ላይ ትንሽ ነገር ሲያስቀምጥ ነው። ዊዳድ ከሻሿ ሥር ኢርፎን አድርጋ ሰዓት ሙሉ ጥግ ላይ እንደምትቀመጥ ቀድሞም ያይ ነበር፤ ጎረቤትም አሽሟጦበታል። ሁለቱን አገናኘና የመሰለውን ጠረጠረ። ልጁን በጥፊ ብሎ አባረረው። ስልኩን ከእህቱ እጅ ነጥቆ ደፉ ላይ ከሰከሰው። ከዚያ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አበቃ አላት።

ዊዳድ ከክፍል ስትጠፋ ቢልቂስ ከፈሪድ ጠይቃ ምክንያቱን ሰማች። ፈሪድ ጉንጩን እያሻሸ ነበር የነገራት፤ ጥፊውንም በእሷ ሒሳብ እንደጻፈው ያስታውቅ ነበር። በዚያው ቀን ወደ ሂሻም ቤት ሄደች። ሂሻም በሩ ላይ ቆመ እንጂ ግቢ አላላትም። ሰላምታዋን «ወዓለይኩም» ብሎ ቆርጦ መለሰላት።

ልጅቷ ምንም እንዳላጠፋች፣ ሚሞሪው ላይ ያለው የእሷ ትምህርት እንደሆነ ነገረችው።

«የማን እንደሆነ አውቃለሁ» አለ። «የቲክቶኳ አይደለሽ?»

ቢልቂስ እህትህ ከክፍሉ ሁሉ የተሻለች ናት አለችው። ስልኩን ብታዳምጠው ኖሮ ወላሂ ታፍር ነበር አለችው። ይህን ባትለው ይሻል ነበር፤ ሂሻም ድምፁን ዝቅ አደረገና፣

«ስሚኝ፣ ትምህርትሽን እዚያው ትምህርት ቤትሽ ጨርሺው። ቤቴ ድረስ አታምጪብኝ። ቤቴ አንድ ክፍል ነው። ስተኛ ስልክ ጆሮዋ ላይ ነው፣ ስነሣ ስልክ ጆሮዋ ላይ ነው። ምን እንደምትሰማ አላውቅም፣ ማን እንደሚያወራት አላውቅም። እናቴ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ። አንቺ ትዳርሽን ያልያዝሽ ሴት ስለ አደራ ምን ታውቂያለሽ?» አላት። በሩንም ዘጋው።

በማግስቱ ይህን ለእኔ ስትነግረኝ የስድቡ ነገር አላስጨነቃትም። ያቃጠላት ሌላው ነው። «ልክ ነው» አለችኝ። «ሳልጠራ፣ ሳላስፈቅድ፣ ሰላም እንኳ ሳልል ነው የስንቱ ሰው ቤት የገባሁት።» ከዚያ ወዲህ የቀዳችው ትምህርት ሁሉ በአንድ ዓይነት ይጀምራል፤ «አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። የቤቱ ሰዎች ሁሉ፣ እኔ ቢልቂስ እባላለሁ፣ የልጃችሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ።» ኢርፎን ከለከለች፤ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አዘዘች። ሴቶቹን ከሴቶች ጋር አቧደነች። ቤቱ የማይመቸው ደግሞ ከደወል በፊት መጥቶ ክፍል ውስጥ እንዲያዳምጥ፣ እሷ ማለዳ በመጀመሪያው መኪና መውረድ ጀመረች።

ይህ ሁሉ ግን ዊዳድን አልመለሰም። ቢልቂስ የእናቲቱን የመርየምን ስልክ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት አግኝታ ደወለችላት። መርየም የሆነውን ሁሉ ከሰማች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ልጅቷ ጥፋት አለባት ወይ አለች። የለባትም አለች ቢልቂስ። መርየም የጭነት መኪና ተሳፍራ ኮምቦልቻ ወረደች። ልጇ ቤት ስትገባ አልተቀመጠችም። «አደራ የሰጠሁህ እንድታስተምራት ነው። ካቃተህ መልስልኝ» አለችው።

ዊዳድ ተመለሰች። ስልክ ስላልነበራት ከደወል በፊት እየመጣች ታዳምጥ ነበር። ሂሻም ግን እናቱ ፊት መዋረዱን አልረሳም። አስተማሪዋ ከእናቴ አጣላችኝ እያለ ፋብሪካው ውስጥ ለሚያውቃቸው አባቶች ሁሉ አወራ። ልጆቻቸው የእሷ ተማሪ የሆኑት ተጠራሩ። ቀለሙ ቢሮ ሲመጡ ቃላቸው አንድ ነበር፤ መምህሯ አታስተምርም፣ ልጆቻችንን ለስልክ ሰጥታቸዋለች። ጋሽ ደምለውም ይህን ሲጠብቁ ኖረው ነበርና፣ ክፍሏ ገብተን እንይ አሉ።

የገቡት ባልተናገሩበት ቀን ነው። ጋሽ ደምለውና ቀለሙ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔ በአጠገቡ ባለው ክፍል እያስተማርኩ ነበር፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። ቢልቂስ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈች። ከዚያ እንደ ልማዷ በጠረጴዛዎቹ መሃል ትዞር ጀመር። ክፍሉ እንደ ገበያ ይጮኻል፤ አንዱ ያሰላል፣ አንዱ ተሳስተሃል ይላል፣ አንዷ ተነሥታ ሌላ ጠረጴዛ ሄዳ ታያለች። ወደ መጨረሻው ላይ መልሱ ከአንዱ ጥግ ወጣ፤ ከሌላው ጥግ ተቃወሙት፤ ተከራክረው አንድ ላይ ደረሱ። ቢልቂስ ትክክል ነው እንኳ አላለችም።

ጋሽ ደምለው ተነሡና ፈሪድን ጠሩት።

«አንተ ሞኒተሩ፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ?»

ፈሪድ ወደ ቢልቂስ ተመለከተ። «ምንም አልተማርንም» አለ። «ቲቸር ምንም አላስተማሩንም። እኛው ነን የሠራነው።»

ጋሽ ደምለው ወደ ቀለሙ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢልቂስ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ልጁ የተናገረው ዓመቱን ሙሉ ስትለፋለት የኖረችውን ነገር ነው፤ ግን እንደ ክስ ነው የተናገረው፣ እንደ ክስ ነው የተሰማው። ከተቀሩት ተማሪዎች አንድም አልተቃወመውም። ዊዳድ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ በእሷ የተነሣ የመጣው ጣጣ በቅቷታል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ቢልቂስ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተነሥታ ከሰዓት ፈረቃ ለዘጠነኛ ክፍል ተመደበች። ክፍሏን ጋሽ ደምለው ተረከቡ። ርክክቡም አፍ ለአፍ አልነበረም፤ በቀለሙ በኩል ነው ያለቀው።

መጀመሪያ ልጆቹ ተደሰቱ። ኖቱ ተመልሶ መጣ፣ ፈሪድም እስክሪብቶውን አስተካክሎ በሚያምር ጽሕፈቱ ይጽፍ ጀመር። ደስታው ግን አልቆየም። ጋሽ ደምለው ጉልበት አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል እንጂ የሚለውን ሕግ ሰሌዳው ላይ አስፍረው ወደ ቀጣዩ ሊያልፉ ሲሉ ዊዳድ እጇን አወጣች። ፍሬን ሲግል ሙቀቱ አየር ላይ ይበተናል፤ ታዲያ መልሶ ለሥራ የማይውል ከሆነ አልጠፋም የሚባለው እንዴት ነው ብላ ጠየቀች።

«ጻፊ» አሏት።

«ጽፌአለሁ ቲቸር። አልገባኝም።»

«ለፈተና የሚመጣው የጻፍኩት ነው።»

«እሺ። ግን ለምን?»

ጋሽ ደምለው ክፍላቸው ውስጥ ይህን ቃል ከሴት ልጅ አፍ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ከክፍል አስወጧት። በሩ ሳይዘጋ ፈሪድ ተነሣ። እሱም እንዳልገባው ተናገረ። እሱንም አስወጡት። እኔ ኮሪደሩ ላይ አግኝቼው፣ አንተ እንኳ ምን ነካህ ብለው፣ «ቲቸር ቢልቂስን አልወዳቸውም» አለኝ። «ግን ዝም ብዬ መጻፍ አቃተኝ።» በቀጣዩ ሳምንት የወጡት ሌሎች ነበሩ። ከዚያም ሌሎች። መጨረሻ ላይ ጋሽ ደምለው ወደ ክፍሉ ሲሄዱ እግራቸው ይጎተት ጀመር፤ ያረጁት በዚያ መንፈቅ ነው።

አንድ ቀን የጠዋቱ ፈረቃ አልቆ የከሰዓቱ ሲገባ ቢልቂስን በር ላይ ያዟት። ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

«ልጆቹን ምን አድርገሽ ነው ያስረከብሽኝ?»

«አላስረከብኩዎትም፤ እርስዎ ወሰዷቸው እንጂ» አለች።

«ንቀት ነው ያስተማርሻቸው።»

«ጥያቄ ነው ያስተማርኳቸው ጋሽ ደምለው። እርስዎ ጋ ሲደርስ ንቀት መሰለ።»

ጋሽ ደምለው ቆመው ተመለከቷት። «እኔ ባልጽፍልሽ ኖሮ ዛሬ ገራዶ ከብት ጭራ ሥር ነበርሽ» አሏት።

«አውቃለሁ» አለች። ለጸብ ሳይሆን ከልቧ ነበር ያለችው፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ ድምጿን ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን እንደ ሽሙጥ ነው የወሰዱት። ጃኬታቸው ላይ ያለውን የጠመኔ አቧራ አራግፈው ሄዱ።

የዓመቱ መጨረሻ ውጤት ማንንም አላኮራም፣ ማንንም አላሳፈረም። ትርጓሜ ጻፉ በሚለው ልጆቹ ወደቁ፤ አስሉ፣ አስረዱ በሚለው ከሌሎቹ ክፍሎች በለጡ። ሁለቱም ወገን የሚፈልገውን ቁጥር እያነሳ ተከራከረ። ሂሻም ለዊዳድ ሌላ ስልክ ገዛላት ሲባል ሰማሁ። ለቢልቂስ ግን መንገድ ላይ ሲያገኛት ፊቱን ያዞራል። ቢልቂስ በስልክ የቀዳቻቸው የድሮ ትምህርቶች እነዚያ ልጆች ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲዘጋጁ ከእጅ እጅ ይዘዋወራሉ አሉ። አንድ አባት ድምጿ ከቤቱ አልወጣ ብሎ እንዳስመረረው ለቀለሙ አቤት ብሏል።

በሚቀጥለው ዓመት ጋሽ ደምለው ጡረታ ወጡ። ቀለሙ የመሸኛ ዝግጅት ሲያሰናዳ፣ ከመሃላችን የእሳቸው ተማሪ የነበረች እሷ ብቻ ስለሆነች ቢልቂስ ንግግር እንድታደርግ ጠየቃት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። እሺ አለች። ምን ልትይ ነው ብዬ ስጠይቃት፣ ያለ እሳቸው ኖት ከገራዶ እንደማትወጣ፣ ይህን ቀድሞ ማለት እንደነበረባት፣ ስለ ፎቶ ኮፒው ማሽንም የምትናገረው እንዳለ ነገረችኝ። ቀለሙ ደስ ብሎት ለጋሽ ደምለው አስታወቃቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፤ እሷ የምትናገር ከሆነ እኔ አልመጣም።

ስለዚህ አልተናገረችም። ዝግጅቱ በአዳራሹ ሲካሄድ እሷ ትምህርት አላጠፈችም፤ ዘጠነኛ ክፍሎቿ ጋ ነበረች። ልጆቹ አዲስ ናቸው፤ ገና እየተማረሩባት ነው፣ ገና «ኖት ይስጡን» እያሉ ነው። እኔ ከአዳራሹ ቀድሜ ወጥቼ በመስኮቷ በኩል ሳልፍ ጭብጨባው ከወዲያ ይሰማ ነበር። አንዲት ልጅ ከደብተሯ ቀና ብላ፣ ለማን ነው የሚያጨበጭቡት ብላ ጠየቀቻት።

«ለአስተማሪዬ» አለች ቢልቂስ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጠረጴዛ ጎንበስ ብላ፣ የጻፈችውን መልስ በጣቷ እየነካች፣ ይህ ለምን እንደሆነ ጠየቀቻት።